የሴቶች ላክሮስ አሠልጣኝነት ከመሐል ሜዳ ይጀምራል

ላክሮስ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየያዙና እየወረወሩ ግብ የሚያስቆጥሩበት የቡድን ጨዋታ ነው። የሴቶች ላክሮስ አሠልጣኝ ለመሆን የምታስብ ሁሉ የአሜሪካዊቷን አሠልጣኝ የሲንዲ ቲምቻልን የሥራ ዘመን ብትመረምር ብዙ ትማራለች። አሠልጣኟ እ.ኤ.አ. በ1982 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲን ቡድን ያዙ። ከ1991 ጀምሮ ደግሞ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ስምንት ብሔራዊ ዋንጫ አነሱ፤ ሰባቱ ከ1995 እስከ 2001 በተከታታይ የመጡ ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ የሠሩት ነው። ሁሉ ነገር የተሟላለትን ቡድን ትተው ወደ አሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ሄዱ፤ እዚያም ለኮሌጆቹ ውድድር አዲስ ቡድን አቋቋሙ። ያ ቡድን በ2017 ለብሔራዊው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ በቃ፤ ከጦር አካዳሚዎች የሴቶች ቡድኖችም የመጀመሪያው ሆነ።

ተጫዋቾቻቸውም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ኖርዝዌስተርን በ1992 የዘጋውን ቡድን በ2002 መልሶ ሲከፍት ኃላፊነቱን የሰጠው በሜሪላንድ በቲምቻል ሥር ለተጫወቱት ለኬሊ አሞንቲ ሂለር ነበር። በ2005 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ዋንጫውን ወሰዱ፤ እስከ 2009 ድረስም ማንም አልነጠቃቸውም።

ከምንም ተነስቶ እንዲህ መድረስ የሚቻለው ጨዋታው የሚወሰንባቸው ቦታዎች ጥቂት ስለሆኑ ነው። ዋናው የመሐል ፍልሚያ ነው። በየሩቡ መጀመሪያና ከእያንዳንዱ ግብ በኋላ ሁለት ተጫዋቾች ዱላቸውን አግድም ይይዛሉ፤ ዳኛዋ ኳሷን በዱላዎቹ ራስ ጀርባ መካከል ታስቀምጣለች፤ ፊሽካው ሲነፋ ሁለቱም ወደ ላይና ወደ ውጭ ይስባሉ። ኳሷ ከራሳቸው በላይ መውጣት አለባት። ግብ ያገባ ቡድን ኳሷን መልሶ የማግኘት ዕድል ስላለው፣ ይህን ፍልሚያ ደጋግሞ የሚያሸንፍ ቡድን ተቃራኒው ዱላ ላይ ኳስ ሳይደርስ አራት አምስት ግብ ሊደረድር ይችላል።

ጀማሪ አሠልጣኞች የሚስቱት ሳቢዋን፣ ማለትም በመሐል ፍልሚያው ዱላ የምትገጥመውን ተጫዋች፣ ብቻዋን ማለማመዳቸው ነው። ኳሷ በአንድ ወገን ቁጥጥር ሥር እስክትገባ ድረስ በሁለቱ የገደብ መስመሮች (የመሐል ሜዳውን ከሁለቱ የግብ ወገኖች በሚለዩት መስመሮች) መካከል ከየቡድኑ ሦስት ሰው ብቻ ስለሚፈቀድ፣ ልምምዱ ሦስት ለሦስት መሆን አለበት። በየልምምዱ 15 ደቂቃ ስጡት። ፊሽካውን የሚነፋው ሰው ይለዋወጥ፤ ከ“ተዘጋጁ” እስከ ፊሽካው ያለው ጊዜም አንዴ ይጠር፣ አንዴ ይርዘም። አንድ ዓይነት ፊሽካ የለመደች ልጅ በጨዋታ ቀን ቀድማ ትነቃነቃለች፤ ኳሷም ለተቃራኒ ትሰጣለች። ኳሷ የት እንደወደቀችና ማን እንዳነሳቻት በወረቀት መዝግቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳቢዋ ሳታውቀው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን እንደምትልክ ታያላችሁ፤ ተቃራኒም ያንኑ ያያል።

ሁለተኛው ከግቡ ፊት ያለው የ8 ሜትር ቅስት ነው። ከቅርጫት ኳስ የመጣ አሠልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ተከላካዮቹን ግቡ ፊት ቆመው እንዲጠብቁ ያስተምራል። በሴቶች ላክሮስ ግን ተከላካይ በአንድ የዱላ ርቀት ውስጥ አጥቂ ካልያዘች በቅስቱ ውስጥ ከ3 ሰከንድ በላይ መቆየት አትችልም። ለመምታት በተዘጋጀች አጥቂና በግቡ መካከል ማንንም ሳትይዝ ብትገባም ጥፋት ነው፤ ከግብ ጠባቂዋ በቀር ተጫዋቾቹ ጠንካራ የራስ ቁር ስለማያደርጉ ይህ ሕግ ሰው ከመጎዳት ያድናል። ውጤቱ ነፃ ምት ነው፤ ቢጫ ካርድ ከተጨመረበት ደግሞ ለ2 ደቂቃ በጎዶሎ መጫወት ይመጣል። ስለዚህ እርዳታ የምትመጣ ተከላካይ በኳሷ መንገድ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን እንድትደርስ እግሯን አሠልጥኑት። ዱላው በኋላ ይደርሳል።

የዕድገቱ መሰላል አጭር ነው፤ ከተጫዋችነት ወደ ረዳትነት፣ ከዚያ ምልመላን ወደ መምራት፣ በመጨረሻም ዋና አሠልጣኝነት። በአሜሪካ ኮሌጆች የመጀመሪያ ዲቪዚዮን (ከፍተኛው የውድድር ደረጃ) እስከ 2023 ድረስ ያለ ደመወዝ የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ረዳት የሚባል ቦታ ነበር፤ መቅረቱ ተገቢ ነው። በምልመላም ከ2017 ወዲህ አሠልጣኝ ተማሪዋን ማነጋገር የሚችለው 11ኛ ክፍል ከገባች በኋላ፣ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነው። ይህን ገደብ የጠየቁት አሠልጣኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ቀድሞ የ9ኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ለዩኒቨርሲቲ ቃል ይገቡ ነበር።

አሁን ለሚጀምሩ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላክሮስ የሚካሄደው 6 ለ6 ነው። ኳሷን የያዘ ቡድን ለመምታት ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ሲሆን፣ በኮሌጆቹ የመጀመሪያ ዲቪዚዮን 90 ነው። የመሐል ፍልሚያውም በየሩቡ መጀመሪያ ብቻ ይሆናል፤ ከግብ በኋላ ጨዋታውን የምታስጀምረው ግብ ጠባቂዋ ናት። ሁሉንም በሳቢዋ ላይ የገነባ አሠልጣኝ እዚህ ብዙም አይራመድም። ከወዲሁ ግብ ጠባቂዋን እስከ መሐል ሜዳ የሚደርስ ረጅም ኳስ፣ እየሮጠች ለምትሄድ ተቀባይ፣ በሁለቱም እጇ መወርወር አስተምሯት።