አበሌን ላተርፍ ብዬ ሳኦ ፓውሎ ላይ የሆንኩት

ባለፈው ሐምሌ መሥሪያ ቤቴ ለማሸጊያ ማሽን ጥገና ሥልጠና ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ላከኝ። ቆይታው ስድስት ሌሊት ነው። አበሉ በእጄ ተሰጠኝ፤ ሆቴሉን ራስህ ፈልግ ተባልኩ። አበል ተቀብሎ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ይገምተዋል። ሆቴሉ በረከሰ ቁጥር ለቤት የሚተርፈው ይበዛል። ትልቋ ልጄ ደግሞ ላፕቶፕ ግዛልኝ ብላ ከያዘችኝ ሰነበተች።

ስልኬ ላይ ሆቴሎቹን ከርካሽ ወደ ውድ ደረደርኳቸው። ከላይ የመጡት ሞቴል የሚል ስም አላቸው። ፎቶዎቹ ክብ አልጋና ጣሪያው ላይ መስተዋት ያሳያሉ። ግራ ቢገባኝ ብራዚል ደርሶ የመጣ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እዚያ አገር ሞቴል ማለት ጥንዶች ለጥቂት ሰዓት የሚከራዩት ቤት ነው ለካ። ስለዚህ ሞቴሎቹን አልፌ ሆቴል የሚለውን ብቻ አየሁ። መሀል ከተማ፣ ሳንታ ኢፊዤኒያ የሚባል ጎዳና አጠገብ፣ በሌሊት 95 ሬአል የሚል አገኘሁ። ደህና የሚመስለው ቀጣዩ 160 ነበር። በስድስት ሌሊት 390 ሬአል ይተርፈኛል ማለት ነው። 95 የሚሆነው ግን ሙሉውን ቀድሜ ከከፈልኩ ነው፤ ከተከፈለ በኋላ አይመለስም። ከፈልኩ።

የኛ አየር መንገድ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳኦ ፓውሎ ይበራል። ረጅም በረራ ነው፤ ስለ እሱ የማወራው የለኝም። አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እዚያ ስደርስ የእጅ ሰዓቴን አላስተካከልኩም። ሳኦ ፓውሎ ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የኛ የሰዓት አቆጣጠርም ከፈረንጁ የሚለየው በስድስት ነው። በሀበሻ የተሞላው ሰዓቴና አየር ማረፊያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት አንድ ቁጥር ያሳያሉ! ባለቤቴ ጋ ስደውል ሁለት ሰዓት ነው ትለኛለች፤ እኔም ጋ ሁለት ነው እላለሁ። የሷ ሁለት የጠዋት ነው። የኔ ሁለት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ሰዓት ስጠራ በነሱ አቆጣጠር ነው።

ሌላው ብርዱ ነው። ደቡብ አሜሪካ ሲባል ሙቀት መስሎኝ አንዲት ቀጭን ሹራብ ብቻ ይዤ ነበር። ሐምሌ እዚያ ክረምት፣ የብርዱ ወቅት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 760 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ነዋሪዎቹም የካፊያ አገር ይሏታል። ርካሽ ሆቴል ውስጥ ደግሞ ማሞቂያ አትጠብቁ። በመጀመሪያው ቀን የተማርኩት የፖርቱጋል ቃል "ኮቤርቶር" ነው፤ ብርድ ልብስ ማለት ነው።

ሆቴሉ ጋ የደረስኩት በመተግበሪያ በተጠራ መኪና፣ ማታ ላይ ነው። የብረት በር አለ። ደወል ትደውላለህ፣ በካሜራ ያዩሃል፣ ይከፈታል። ይህን ወድጄው ነበር። ፎርም ሞላሁ፤ የፓስፖርት ቁጥር፣ ሙያ፣ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ። ቀና ስል ከእንግዳ ተቀባዩ ራስ በላይ የዋጋ ሰሌዳ አየሁ። ሦስት መስመር አለው። አንደኛው ለሁለት ሰዓት ይላል። ሁለተኛው "ፔርኖይቺ"፣ ለአዳር ማለት ነው። ሦስተኛው "ዲያሪያ"፣ የሙሉ ቀን ዋጋ። ሞቴልን ሸሽቼ ከድጡ ወደ ማጡ!

ግድግዳው ስስ ነው። ባለቤቴ በስልክ "ምንድነው የሚሰማው?" አለችኝ። ቴሌቪዥን ነው አልኳት። "ታዲያ ዝጋዋ!" አለች። የኔ ቢሆን ኖሮ እዘጋው ነበር።

ክፍሉ መስኮት አለው። መስኮቱ ግን የሚከፈተው በሕንፃው መሀል ወዳለ ጠባብ ጉድጓድ ነው። ጠዋት ይሁን ማታ አይለይም። እንዲህ ያለውን ክፍል የውስጥ ክፍል ይሉታል፤ ዋጋው የሚቀንሰውም ለዚህ ነው። ፎቶው ላይ መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። አሁን የተዘጋ መጋረጃ ፎቶ ሳይ እጠረጥራለሁ።

ሻወሩ ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ሆቴሉ ቦይለር የለውም። ውሃውን የሚያሞቀው ራሱ የሻወሩ ራስ ነው። ውስጡ ማሞቂያ አለው፤ ኤሌክትሪክ ገመዱም ከግድግዳው ወጥቶ ከአናትህ በላይ ተሰክቷል። የማሽን ጥገና ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ቀድሜ የምፈልገው የመሬት ሽቦውን ነው። ልብሴን አውልቄ በፎጣ ሆኜ ስመረምር ቆየሁ። ኋላ ሲገባኝ አብዛኛው የአገሩ ሰው የሚታጠበው በዚሁ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ውሃውን ብዙ ከከፈትከው ይቀዘቅዛል፤ ቀንሰው፣ ይሞቃል። በጣም ከቀነስከው ደግሞ ማሞቂያው ይጠፋል። መሀሉን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የክረምትና የበጋ የሚል መቀያየሪያም አለው። እሱን የምትነካው ውሃው ተዘግቶ ሳለ ነው፤ ይህችን አደራ።

ከቤት የውሃ ማፍያ ይዤ ሄጃለሁ፤ ከተፈጨ ቡና ጋር። ሰካሁት። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፤ ለብ ብሏል። ለካ ሳኦ ፓውሎ ሶኬቱ 127 ቮልት ነው፤ የኛ ማፍያ ደግሞ ለ220 የተሠራ ነው። በዚህ ልዩነት ኃይሉ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ይህን ለእንጀራዬ የምሠራ ሰው ነኝ እኮ፤ ሻንጣ ስሸክፍ ግን ትዝ አላለኝም። የስልክ ቻርጀር ችግር የለበትም፤ ሁለቱንም ይችላል። ባለ ሁለት ቀጭን እግሩ መሰኪያችንም እዚያ ይገባል።

ቁርስ ከክፍሉ ዋጋ ጋር የተካተተ ነው፤ አብዛኛው ሆቴል እንዲህ ነው። ዳቦ፣ አይብ፣ ፓፓያ፣ ኬክ፣ በፔርሙዝ የቀረበ ቡና። ቡናው ስኳሩ ገብቶበት ነው የሚመጣው። ጠጥቼ ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም። የጽዳት ሠራተኛዋ አዩኝ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። ከየት ነህ አሉኝ። "ኢቲዮፒያ" አልኳቸው። የያዙትን መጥረጊያ አቆሙና በጣታቸው ወደ ጎዳናው አመለከቱ። "ሳንታ ኢፊዤኒያ!" አሉ። የመንገዱን ስም የነገሩኝ መስሎኝ እሺ እሺ አልኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልኬን ተቀብለው አስተርጓሚው ላይ ተናገሩበት። "ልጄ፣ እሷ ያንተ አገር ሰው ናት" ይላል።

ማታውን ሳነብ አመሸሁ። በካቶሊኮቹ ትውፊት ቅድስት ኢፊጌንያ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ሐዋርያው ማቴዎስ አጠመቃት፣ መንኩሳም ኖረች። በባርነት ወደ ብራዚል የተወሰዱ አፍሪካውያን ጥቁር ቅድስት አግኝተው ማኅበር አቋቋሙላት። ከሷ ጋር የሚዘከረው ሌላው ቅዱስ ሳንቶ ኤሌዝባው ይባላል። ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የኛው አፄ ካሌብ ነው። ርካሽ ብዬ የመረጥኩት ሰፈር የአገሬን ሴት ስም ይዞ ኖሯል፤ ያወቅኩት ዘጠኝ ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር ተጉዤ ከጽዳት ሠራተኛ ነው።

ጎዳናው ቀን ቀን መርካቶ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በሱቅ ላይ፤ ገመድ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የኮምፒውተር ዕቃ። ሰው በሰው ላይ ይሄዳል። ሱቆቹ ሲዘጉ ግን ሌላ ቦታ ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ከሥልጠና በኋላ ከባልደረቦች ጋር ራት በልቼ ዘጠኝ ሰዓት ማታ ላይ ሄፑብሊካ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ ወረድኩ። (ቃሉ በ"ሪ" ነው የሚጻፈው፤ በ"ሪ" ብለህ ብትጠይቅ ግን የሚሰማህ የለም።) ወደ ሆቴሉ አሥር ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ነው። የብረት መዝጊያው ሁሉ ወርዷል። ካርቶን ላይ የተኙ ሰዎች አሉ። ብርድ ልብስ ተከናንበው ወዲያ ወዲህ የሚሉ አሉ። እዚያው አቅራቢያ ያለው የሉዝ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ለብዙ ዓመታት የክራክ (የሚጨስ ኮኬይን) ሱሰኞች የሚሰባሰቡበት ሰፈር እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። ስልኬን አውጥቼ ካርታ አየሁ። አንድ ሽማግሌ ከቡና ቤት በር ላይ ጮኹብኝ። ቋንቋውን አላውቅም፤ እጃቸው ግን ኪስህ ክተት ይላል። ከተትኩ። ማንም አልነካኝም፤ እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ አላዩኝም። ግን ያቺን አሥር ደቂቃ የሄድኩት ትንፋሼን ይዤ ነው።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በታክሲ ልመለስ አሰብኩ። 25 ሬአል ነበር፤ ሜትሮ 5 ገደማ። አሁንም በሌሊት 45 ያህል ይተርፈኛል፤ በሒሳብ ከሄድን አያስወጣም። ያስወጣኝ እንቅልፍ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሠልጣኙ ሽቦ ሲያገናኝ እኔ ወንበሬ ላይ አሸልቤ ነበር። መሥሪያ ቤቴ ለዚያ አልላከኝም። የሻይ ሰዓት ላይ ሻንጣዬን ለመውሰድ ወሰንኩ። የቀሩትን አራት ሌሊቶች ገንዘብ ጠየቅኩ። እንግዳ ተቀባዩ የተዋዋልኩትን አሳየኝ። ልክ ነው፤ አይመለስም።

ሁለተኛውን ሆቴል ስመርጥ ስልኬን አላመንኩም። ሊቤርዳዲ የሚባል የጃፓኖች ሰፈር አለ፤ መሀል ከተማ ካለው ሴ የሜትሮ ጣቢያ አንድ ፌርማታ ነው። ማታ ስምንት ሰዓት ላይ ወረድኩና ከጣቢያው እስከ ሆቴሉ በእግሬ ሄድኩት። ምግብ ቤቶቹ ክፍት ናቸው፣ አሮጊቶች ውሻ ይዘው ይሄዳሉ፣ ልጆች አሉ። ውሻ ይዛ የምትሄድ አሮጊት ካየህ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግህም። ከዚያ ገብቼ ክፍሉን አሳዩኝ አልኩ። መስኮቱን ራሴ ከፈትኩ። ሻወሩን ከፈትኩ። ግድግዳውን አንኳኳሁ፤ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ሳቀ። ዋጋው 160 ነው። "በጥሬ ገንዘብ ብከፍልስ፣ ዴስኮንቱ የለም?" አልኩ። 150 አደረገልኝ። እዚያ አገር ይህ ነውር አይደለም፤ በካርድ ሲከፈል ለባንክ የሚሄደው ነገር ስላለ በእጅ ለሚከፍል ይቀንሳሉ።

ሒሳቤ እንግዲህ ይኸው። ለመጀመሪያው 570፣ ለሁለተኛው 600፤ 1,170 ሬአል። ከመነሻው 160ውን ይዤ ቢሆን 960 ነበር። ላተርፍ ብዬ 210 ከሰርኩ። ለልጄ ምን እንዳልኳት አልናገርም።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብቻ። ረቡዕ ቀን ሳኦ ፓውሎ ፌይዡዋዳ ይበላል፤ ጥቁር ቦሎቄ ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው። የሳምንቱ ቀኖች የየራሳቸው ወጥ አላቸው፤ የሥጋው ድግስ የኔ ጾም ቀን ላይ ማረፉ ነው የገረመኝ። ሥጋ የሌለበት ስጡኝ ስላቸው ዶሮ አመጡልኝ። የገላገለኝ በኪሎ የሚሸጥ ምግብ ቤት ነው። ራስህ አንስተህ ሳህኑን ታስመዝናለህ፣ በክብደቱ ትከፍላለህ። ሩዝ፣ ሰላጣ፣ "ኮቪ" የሚሉት በቀጭኑ የተከተፈ ጎመን፣ በሶ የሚመስል የካሳቫ ዱቄት። ቦሎቄውን ግን ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚሠሩት፤ ጠይቃችሁ አንሱ።

በመጨረሻው ቀን ሻንጣዬን ስሸክፍ የውሃ ማፍያው የለም። የመጀመሪያው ሆቴል ረስቼዋለሁ። በጠራራ ፀሐይ ተመልሼ ሄድኩ። ሴትዮዋ አስቀምጠውልኛል፤ በላስቲክ ጠቅልለው። "ተበላሽቷል፣ ሞክሬው አይፈላም" አሉኝ። አልተበላሸም አልኳቸው፤ አላመኑኝም። ይዤያቸው ወረድኩ። ከሆቴሉ በታች ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ልጁን 220 ሶኬት አለህ ወይ ብለን ጠየቅን። ከባንኮኒው ሥር አወጣ። ሰካነው። ብዙም ሳይቆይ ተንፈቀፈቀ። ሴትዮዋ አጨበጨቡ።

ከተፈጨው ቡና የቀረኝን አወጣሁ። ጀበና የለም፤ እሳቸው ከላይ የጨርቅ ማጥለያቸውን አመጡ። ባለሱቁ ሦስት ትንንሽ ኩባያ አቀረበ። ቡናው ወረደ፤ ሽታው ሱቁን ሞላው። እሳቸው ቀመሱት፣ ዝም አሉ፣ ከዚያ ስኳሩን ሳቡና አራት ማንኪያ ጨመሩበት።