ጭብጡ በእጅ ይያዝ፦ ለ3ኛ ክፍል በጤፍ ዙሪያ የተቀናጀ ትምህርት ማቀድ

በሒሳብ «5 ጤፍ ሲደመር 3 ጤፍ»፣ በአማርኛ «ጤፍ» የሚለውን ቃል መጻፍ፣ በሥነ ጥበብ የጤፍ ማሳ መሳል። የተቀናጀ ትምህርት ተብሎ ዕቅድ ላይ የሚሰፍረው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። ጤፉን አውጥታችሁ ብርቱካን ብታስገቡበት ግን ከሒሳቡ ምንም አይጎድልም። ትምህርቶች ተቀናጁ የሚባለው የአንዱ ክፍለ ጊዜ ሥራ ያለ ሌላው ውጤት መቀጠል ሲያቅተው ነው፤ ሒሳቡ የሚሠራበት ቁጥር ልጆቹ በአካባቢ ሳይንስ የለኩት ሲሆን፣ በአማርኛ የሚጽፉት ቅደም ተከተልም በዐይናቸው ያዩት ሲሆን።

ጭብጥ የሚለው ቃል ራሱ ጥሩ መለኪያ አለው። ጨበጠ ከሚለው የመጣ ነውና በእጅ መያዝ አለበት። «ግብርና» ወይም «አካባቢያችን» በሁለት ሳምንት አይጨበጥም፤ ጤፍ ይጨበጣል። እንሰት ወይም በቆሎ በሚበላበት አገር የምታስተምሩ ጤፉን ተዉትና የራሳችሁን ያዙ፤ ልጆቹ የሚያውቁት፣ የሚነኩት ነገር ይሁን። ከዚያ አንድ ጥያቄ ምረጡ። ለጤፍ «ይህች የምታክል ፍሬ እንዴት እንጀራ ትሆናለች?» የሚለው ሁለቱን ሳምንት ይሸከማል። ጊዜው አጨዳው ላይ፣ ኅዳር ውስጥ ቢውል ይመረጣል፤ ነዶውም ጭዱም በእጅ ይገኛል።

ዕቅዱ የሚጀመረው ከመርሐ ትምህርቱ እንጂ ከጤፉ አይደለም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መሸፈን ያለባቸውን የመማር ብቃቶች ከየትምህርቱ በቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ጽፋችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጓቸው። ከጥያቄው ጋር በእውነት የሚገናኙትን ስድስት ወይም ሰባት ብቻ አንሱ፤ ለምሳሌ እስከ 10,000 ያሉ ቁጥሮችን ማወዳደር፣ ርዝመት መለካት፣ የተክል እድገት፣ ቅደም ተከተል ያለው ጽሑፍ መጻፍ። የቀሩት በመደበኛ ክፍለ ጊዜያቸው ለብቻቸው ይሂዱ። ማባዛትን በግድ ጤፍ ውስጥ መክተት ማባዛቱንም ጤፉንም ያበላሻል።

አንድ መምህር ሁሉንም የሚያስተምርበት ክፍል ከሆነ ሁለት ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አያይዞ 80 ደቂቃ ማግኘት ይቻላል። መምህራኑ የተለያዩ ከሆኑ ግን ክፍል ውስጥ የሚሰቀል አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። የሳይንስ መምህሯ ከልጆቹ ጋር የሞላችውን ቁጥር የሒሳብ መምህሩ በማግስቱ እዚያው ያገኘዋል። ሠንጠረዡ የተጻፈበት ትልቅ ወረቀት (ፍሊፕ ቻርት) በየቀኑ ተጠቅልሎ መምህራን ማረፊያ የሚገባ ከሆነ ቅንጅቱ እዚያው ይቋረጣል።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሰኞ፣ ቆጠራ ነው። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል በስድስት በስድስት ሲከፈል አሥር ቡድን ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቁንጥር ጤፍ ነጭ ወረቀት ላይ ይደረግለታል። ጤፉ ቀይ ይሁን፤ ነጩ ወረቀቱ ላይ አይታይምና ልጆቹ ዐይናቸውን ሲያሹ ጊዜው ያልቃል። መስኮትና በር ይዘጋ፣ እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ጣት ላይ የተጣበቀ ፍሬ ሳይቆጠር ይቀራል። ቁንጥሩን ለስድስት ይካፈሉና እያንዳንዱ ልጅ በክብሪት እንጨት ጫፍ እየገፋ አሥር አሥሩን ይቆልላል። አንድ ግራም ጤፍ በግምት 3,000 ገደማ ፍሬ ስላለው የአንድ ቡድን ድምር ከጥቂት መቶዎች እስከ ሺህ አካባቢ ቢመጣ አይግረማችሁ። ከመቁጠራቸው በፊት ግምታቸውን አስጽፏቸው፤ ብዙዎቹ «ሃምሳ» ይላሉ። አሥሩ ድምሮች ሠንጠረዡ ላይ ሲሰፍሩ የማግስቱ ሒሳብ ተዘጋጀ ማለት ነው፦ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር፣ ወደ ቅርብ መቶ ማጠጋጋት፣ የቡድኖቹ ቁጥር ለምን እንደተለያየ መነጋገር። ሲጨረስ ጤፉ አንድም ሳይቀር ተለቅሞ ይመለስ። ፍሬውን በሙጫ ወረቀት ላይ ለጥፎ ሥዕል ማሠራትም ይቅር። እህል እንዳይረገጥ በሚለቀምበት ቤት ያደገ ልጅ ግራ ይገባዋል፣ ወላጅም በትክክል ይቀየማል። ለሥዕሉ ጭዱ ይበቃል።

በዚያው ሰኞ ዘሩ ይዘራ። ለየቡድኑ ሁለት የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ሥሩ በምስማር ሦስት ቦታ የተበሳ፣ እስከ ሦስት አራተኛው በተነፋ አፈር የተሞላ። በአንደኛው አፈሩ ውሃ ጠጥቶ በመዳፍ ጠቅ ጠቅ ይደረግና ጤፉ ላዩ ላይ ይበተናል፤ የሚለብሰው አፈር እንደ ስስ ዱቄት ብቻ ነው። በሁለተኛው ያንኑ ያህል ፍሬ 4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይቀበራል። ሙቀት ካለ የመጀመሪያው በሦስትና በአምስት ቀን ውስጥ ይበቅላል፤ የተቀበረው አብዛኛው አይወጣም፤ ፍሬዋ የያዘችው ስንቅ ያን ያህል መንገድ አያደርሳትም። ገበሬው ጤፍ ከመዝራቱ በፊት ማሳውን በከብት የሚያስረግጠው ለምን እንደሆነ ልጆቹ ከዚህ ተነስተው ይጠይቁ፤ መልሱን ግን አትንገሯቸው፤ በሁለተኛው ሳምንት የሚጋበዝ እንግዳ ይመልሰዋል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ውሃ ማጠጣቱ ላይ ነው። ከላይ የሚንቆረቆር ውሃ ፍሬውን ጠርጎ ጥግ ላይ ይከምረዋል። ክዳኑ በመርፌ በተበሳ ጠርሙስ እየረጩ፣ ወይም ጠርሙሱን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ለአሥር ደቂቃ አስቀምጦ ከሥር እንዲጠጣ ማድረግ ይሻላል። ዓርብ ከሰዓት በደንብ ጠጥቶ ከፀሐይ ገለል ይበል፤ ቅዳሜና እሑድ የሚደርቀው መስኮት ላይ የተረሳው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ አንድ ምልክት የተደረገበት ቡቃያ በሚሊ ሜትር ይለካል። ብዙ ማስመሪያ ዜሮው ከጫፉ ትንሽ ገባ ይላልና መለካት ከመጀመሩ በፊት ይህን አሳዩ፤ አለዚያ አምስቱም ቀን የተሳሳተ ቁጥር ይመዘገባል።

ሊጡ ከዚህ ያነሰ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ በውሃ ለጥ ብሎ የተቦካ፣ ሁለት ማንኪያ እርሾ። ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ብቻ ይገባና ከፍታው በእስክሪብቶ ይሰመራል። ክዳኑ አይጠበቅ፤ ሲቦካ የሚወጣው አየር መውጫ ካጣ ይገፋዋል። ልጆቹ ጠዋትና ከሰዓት መጥተው ያሰምራሉ፤ አረፋውን አይተው ከእንጀራው ዐይን ጋር ያገናኙታል። በደጋው ብርድ አንድ ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ማክሰኞ ጀምሩት እንጂ ሐሙስ አይሁን። ጋገራው ክፍል ውስጥ አይደረግም፤ ምገባ ያለበት ትምህርት ቤት ከሆነ ማእድ ቤቷን በር ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ጭዱ ለጭቃ ጡብ ነው፦ ሦስት ኩባያ የሸክላ አፈር፣ አንድ እፍኝ የተቆራረጠ ጭድ፤ ሌላው ጡብ ያለ ጭድ። ጥላ ሥር ሳምንት ይደርቁና የትኛው እንደተሰነጠቀ ይታያል።

እንግዳው በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ይምጡ፤ ጤፍ ያረሱ አባት ወይም እንጀራ የሚጋግሩ እናት። ጥያቄዎቹ አስቀድመው ይላኩላቸውና የእሳቸው ንግግር 20 ደቂቃ ይሁን፤ የቀረው የልጆቹ ነው። የአውድማ መሣሪያ፣ መንሽ ወይም ላይዳ፣ ይዘው ከመጡ ደግሞ እሰየው። «አባባ፣ ማሳው ለምን ይረገጣል?» የሚለውን የሚጠይቅ ልጅ አስቀድሞ ይመረጥ። በማግስቱ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «መጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ ከዚያ፣ በመጨረሻ» የሚሉት ቃላት ሥራ ያገኛሉ፤ አጨዳ፣ ክምር፣ አውድማ፣ ውቂያም እንዲሁ።

አንድ ነገር ከልብ ተጠንቀቁ። «በቤታችሁ በሳምንት ስንት ኪሎ ጤፍ ትበላላችሁ?» ተብሎ አይጠየቅ፤ ከቤት ጤፍ አምጡም አይባል። ጤፍ ውድ ነው፤ ቤቱ ጤፍ የሌለበት ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ለመላው ሥራ ግማሽ ኪሎ ፍሬና አንድ ኪሎ ዱቄት በቅቶ ይተርፋል፤ በትምህርት ቤቱ ወጪ ይገዛ። የዋጋ ሒሳብ ከተፈለገ የገበያው ዋጋ ሰሌዳ ላይ ይጻፍና ከኪሎ ወደ ኩንታል ይሠራ።

ለምዘናው በቀን ስድስት ልጆችን ብቻ ተከታተሉ፤ በአሥር ቀን ስልሳውም ይዳረሳሉ። ለእያንዳንዱ የተመረጠ ብቃት አንድ ዐምድ፣ በዐምዱ ውስጥ «ብቻውን ሠራ»፣ «በእርዳታ ሠራ»፣ «ገና ነው» ከሚሉት አንዱ። መዝጊያው ዓርብ እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ ሉክ ወረቀት አጥፎ የሠራት ባለ ስምንት ገጽ መጽሐፍ ናት፤ ውስጧ የቡድኑ ቁጥር፣ የቡቃያው የአምስት ቀን ልኬትና የእንጀራው ቅደም ተከተል መኖር አለባቸው። ቁጥሩ የጎደለበት ልጅ ከየትኛው ቀን እንደቀረ ሠንጠረዡ ይናገራል፤ ሰኞ ጠዋት አንድ ቁንጥር ጤፍና ነጭ ወረቀት ይሰጠውና ይቁጠር።