አንድ ከተማ፣ ሁለት ረድፍ

ዛሬ የመጋዘን መዝገብ በኢላስቲክሰርች (የዳታ መፈለጊያና ማጠቃለያ ሶፍትዌር) በከተማ ሲመደብ «ኮምቦልቻ» እና «ኮምበልቻ» ለየብቻ ተቆጠሩ። ኪይወርድ ፊልድ (ጽሑፍን ሳይከፋፍል እንዳለ የሚይዝ የመረጃ መስክ) የሚያውቀው ፊደሉን እንጂ ከተማዋን አይደለም። ኖርማላይዘር (ጽሑፉን ከመመዝገቡ በፊት ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ የሚያመጣ ቅንብር) ውስጥ አንዱን ፊደል ወይም ቃል በሌላ የሚተካ የማፒንግ ማጣሪያ ጨምሩና «ኮምበልቻ»ን ወደ «ኮምቦልቻ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን ወደ «ሀ» መልሱ። ቀድሞ የተፈጠረ ፊልድ ላይ ግን ኖርማላይዘር አይቀየርም፤ አዲስ ኢንዴክስ (የሰነዶች ማከማቻ) ከፍቶ ዳታውን እንደገና መጫን የግድ ነው። አድካሚ ነው፣ ግን ያዋጣል።

ደሴን በሰፈር ስትመድቡ (ፒያሳ፣ ሸዋ በር፣ ቧንቧ ውሃ እያላችሁ) ተርምስ አግሪጌሽን (ሰነዶችን በእሴታቸው መድቦ የሚቆጥር ማጠቃለያ) ካላዘዛችሁት 10 ቡድን ብቻ ነው የሚመልሰው። በመልሱ ውስጥ ያለው «ሰም አዘር ዶክ ካውንት» (በተመለሱት ቡድኖች ያልተካተቱ ሰነዶች ብዛት) ከዜሮ በላይ ከሆነ ያልታየ ሰፈር አለ ማለት ነው፤ የአግሪጌሽኑን ሳይዝ (የሚመለሱ ቡድኖች ብዛት) ከፍ አድርጉ። 0 የሚደረገው በጥያቄው አናት ላይ ያለው የፍለጋው ሳይዝ (የሚመለሱ ሰነዶች ብዛት) ነው፤ ያኔ ሰነዶቹ ይቀሩና ማጠቃለያው ብቻ ይመጣል። ሁለቱን አታምታቱ!