ሎሚሎሚ ልማር ሄጄ ወንድሜ ጋ ደወልኩ

ለእናቴ በስልክ «ሎሚሎሚ ልማር ነው» ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በሎሚ ነው እንዴ የሚያሹት?» ብላ ነው። ከሎሚ ጋር አይገናኝም። በሃዋይ ቋንቋ «ሎሚ» ማለት ማሸት፣ ጫን እያሉ ማፍታታት ማለት ነው። ሁለቴ ሲደገም ደግሞ እኛ «እሽት እሽት አድርጊልኝ» እንደምንለው ዓይነት ነው። ይህን ሳስረዳት ትንሽ ዝም አለችና «እና ወጌሻ ነዋ!» አለችኝ። ያኔ «ኧረ አይደለም» አልኳት። አሁን ብትጠይቀኝ እንደዚያ ብዬ አልመልስላትም።

ሲያትል ውስጥ ማሳጅ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ነገሩ የጀመረው በሦስተኛው ዓመት ነው። የምሠራበት ቦታ አንድ አሠልጣኝ አመጣልን፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ሁለት ቀን ብቻ። ክንድን ከትከሻ እስከ ዳሌ በረጅሙ ማንሸራተት፣ ብዙ ዘይት፣ የማዕበል ድምፅ ያለበት ሙዚቃ፣ በቃ ይኸው ነበር። እሁድ ማታ ሰርተፊኬት ተሰጠን። ማክሰኞ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ «ጥንታዊ የሃዋይ ማሳጅ» የሚል ተጨመረ፣ ከተራው በ40 ዶላር ይበልጣል። ደንበኞች ወደዱት። እኔም ወድጄው ነበር፣ ምክንያቱም በአውራ ጣት ከመጫን ይልቅ በክንድ መሥራት ለእጄ ይቀለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ትልቅ ሴት መጡ። ሃዋያዊት ናቸው። ሠርቼ ስጨርስ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ፀጉራቸውን እያስተካከሉ «ከማን ነው የተማርሽው?» አሉኝ። የድርጅቱን ስም ነገርኳቸው። «እሱን አይደለም፣ ከየትኛው ሰው?» የአሠልጣኙ ስም ጠፋኝ። አልተቆጡም። «እኛ ዘንድ ይሄ ከአያት የሚወረስ ነው፣ ማን እንዳስተማረሽ ካላወቅሽ የማንን እጅ ይዘሽ እንደምትሠሪም አታውቂም» አሉኝ። ከዚያ አመስግነው፣ ቲፕም ትተውልኝ ሄዱ። ያቺ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

ማንበብና ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። ሎሚሎሚ ለብዙ ዘመን የቤት ነገር ነበር። በአንድ ሙያ የበቃ አዋቂ «ካሁና» ይባላል፤ የዕፅዋት መድኃኒት ካሁና አለ፣ የታንኳ ሥራ ካሁናም አለ። ማሸቱን ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ መንገድ ያውቀው ነበር። ሌሎቹ የፖሊኔዥያ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ ሕዝቦችም ይህንኑ ጥበብ ይጋራሉ። እንግሊዛዊው መርከበኛ ካፒቴን ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ በ1777 ከእነዚህ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ታሂቲ ላይ ሳለ ከዳሌው እስከ እግሩ ክፉኛ ሲያመው፣ የአገሩ ሹም እናትና እህቶች ያሉባቸው 12 ሴቶች መርከቡ ድረስ መጥተው፣ ሥጋውን እየጨመቁና እያሹ ሕመሙን አቅልለውለታል። እ.ኤ.አ በ1820 ሚስዮናውያን ሃዋይ ከገቡ በኋላ የድሮው ሕክምና እየተነቀፈ ሄደ፣ ሎሚሎሚም በየቤቱ ጓዳ ቀረ። ለውጭ ሰው በግልጽ በማስተማር ስማቸው የሚነሳው አንቲ ማርጋሬት ማቻዶ ናቸው፣ እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ ሃዋይ ደሴት ላይ ኬአላኬኩዋ አካባቢ። እ.ኤ.አ በ1916 ተወልደው በ2009 አረፉ። አጥባቂ ክርስቲያን ነበሩ፣ ያለ ጸሎት ሥራ አይጀምሩም፣ ሎሚሎሚንም «የፍቅር ንክኪ» ይሉት ነበር። «አንቲ» ዘመድ መሆንን አይጠይቅም፣ እኛ እትዬ እንደምንለው ለማንኛዋም ትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት ስም ነው።

እኔን ያስተማሩኝ ሌላ አንቲ ናቸው፣ የአንቲ ማርጋሬት ተማሪ ከነበሩ ሴት የተማሩ። ስማቸው እንዲጻፍ ስለማይወዱ አልጽፈውም።

ገንዘቡን ለማጠራቀም አንድ ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። ከሲያትል እዚያው ሃዋይ ደሴት ላይ እስካለችው ኮና በአውሮፕላን ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ደቡብ ኮና ላይ መኪናው ወደ ተራራው ሲወጣ በመስኮት ያየሁትን ማመን አቃተኝ፤ ቡና! ሁለቱም የመንገድ ዳር ቡና ነው፣ ቀይ ፍሬ ያዘለ። የኮና ቡና ዝነኛ መሆኑን አውቃለሁ፣ እ.ኤ.አ በ1828 ነው መጀመሪያ እዚያ የተተከለው። ግን ማወቅና ማየት ይለያያል። ዘሩ ከእኛ ደን ተነስቶ ዓለምን ዞሮ እዚህ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ በቅሏል። አላውቃቸውም ብዬ የፈራኋቸውን ሰዎች ገና ሳላያቸው ፍርሃቴ ግማሽ ያህሉ ለቀቀኝ።

አምስት ተማሪዎች ነበርን። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አልነካንም። ግቢ ጠረግን፣ «ቲ» የሚባለውን ተክል ቅጠል ለቀምን፣ ጠዋት ጠዋት ባሕር ገባን፣ የተረፈውን ጊዜ አንቲ ሲያወሩ አዳመጥን። ሁለተኛው ቀን ላይ ተናድጄ ነበር። ከፍዬ የመጣሁት ለመጥረግ አይደለም እያልኩ በልቤ። አንቲ የልጅነታቸውን ሲያወሩ አያታቸው መሬት ላይ በደረታቸው ተኝተው የልጅ ልጆቻቸውን ጀርባዬ ላይ ሂዱበት ይሉ እንደነበር ነገሩን። አባቴ ትዝ አለኝ። ከሥራ ሲመጣ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ «ነይ እስኪ ጀርባዬን እርገጪልኝ» ይለኝ ነበር፣ እኔም ግድግዳውን ይዤ በትንንሽ እግሬ ስራመድበት እንደ በር ሲጥጥ ይላል። እናቴ ደግሞ እህቴን ስትወልድ አክስቶቼ በቅቤ ሲያሿት፣ ሕፃኗንም እግር እጇን እየሳቡ ሲያፍታቱ ከበር ሆኜ ሳይ ነው ያደግኩት። ይህን ሁሉ እኮ «ሕክምና» ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን አንቲ አንድ በአንድ ጠሩን። ጡንቻ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። «ከማን ጋር ተጣልተሻል?» አሉኝ።

ከወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም፣ በእናታችን ቤት ጉዳይ። ለማን ነግሬ አውቃለሁ? አለቀስኩ። አንቲ ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ «እጅሽ ላይ ነው ያለው። ካላራገፍሽው የምታራግፊው በሚተኛልሽ ሰው ጀርባ ላይ ነው።»

ሃዋዮች «ሆኦፖኖፖኖ» የሚሉት አላቸው፣ ነገርን ወደ ትክክሉ መመለስ ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ አራት ዓረፍተ ነገር ለራስ መደጋገም ተደርጎ ይቀርባል። አንቲ ያስተማሩን እንደዚያ አይደለም። የተጣላው ቤተሰብ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ አንድ ትልቅ ሰው ይመራል፣ በጸሎት ይጀመራል፣ የተጠላለፈው ነገር በንብርብር አንድ በአንድ ይፈታል፣ ሁሉም ይቅር ይባባላል፣ በጸሎት ያልቃል። ሽምግልና ነው ብል አልተሳሳትኩም። ድሮ ሰው ሲታመም መጀመሪያ ይህ ይጠየቅ ነበር፣ ቤት ውስጥ የተቋጠረ ነገር አለ ወይ ተብሎ። አካልን ለብቻ፣ ሐሳብን ለብቻ፣ መንፈስን ለብቻ አይነጣጥሉትም። እንግዲህ የእኔ ወንድም አዲስ አበባ ነው። አንቲ «ያለ እሱ እኔ ልመራልሽ አልችልም፣ ደውዪ» አሉኝ።

ኮና ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ደወልኩ። ስልኩን አንስቶ ያለኝ «ምነው? አመመሽ እንዴ?» ብቻ ነው። ስለ ቤቱ ያን ቀን አላነሳንም። ስለ ምን እንዳወራንም ብዙ አላስታውስም፣ ልጁ ክፍል እንደተዛወረ ነገረኝ፣ እኔ ባሕሩን ነገርኩት። የቤቱ ነገር የተፈታው ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ እሱም በሽማግሌ። ግን በማግስቱ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ሰው ላይ ሳሳርፍ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ አልተሰቀለም ነበር። አንቲ ከኋላዬ ሆነው «አሁን እንጀምር» አሉ።

ሥራው ራሱ እንዲህ ነው። ከመንካትሽ በፊት ትጸልያለሽ፣ «ፑሌ» ይሉታል። እኔ የሃዋይ ጸሎት በቃሌ ልይዝ ስታገል አንቲ «በሚገባሽ ቋንቋ ጸልዪ» አሉኝ፣ ከዚያ ወዲህ በልቤ አባታችን ሆይ እላለሁ። ቀጥሎ እጅን አሳርፎ ዝም ማለት። የተኛው ሰው ትንፋሽ እስኪሰማሽ ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ በእሱ ትንፋሽ ልክ ትንቀሳቀሻለሽ። ብዙ አስተማሪዎች «አሎሃ» የሚለውን ቃል ሲፈቱት «ሃ» ትንፋሽ ነው ይላሉ። ጉልበቱ ከትከሻ አይመጣም፣ ከእግር ነው የሚመጣው፤ ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ ክብደትሽን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ስታዛውሪ ክንድሽ ራሱ ይሄዳል። ይህን አንድ ነገር ለማግኘት ብቻ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ለዓመታት የቆየ የእጅ አንጓ ሕመሜም የቀነሰው በዚህ ነው። ሆድም ይታሻል፣ በጣም በቀስታ፣ ሰውየው ከፈቀደ ብቻ። ዘይቱ ኩኩይ የሚባለው የሃዋይ ዛፍ ፍሬ ወይም የኮኮናት ነው።

ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የካዋይ ደሴቱ ኤብራሃም ካዋኢ ያስተማሩት ስልት በሁለት ክንድ፣ በዳንስ እርምጃ፣ በአልጋው ዙሪያ እየተዞረ የሚሠራ ነው፣ እኔ በሁለት ቀን የተማርኩትም የዚያ ቅንጭብ እንደነበር ኋላ ገባኝ። የአንቲዎቼ መስመር ጸጥ ያለ ነው፣ መገጣጠሚያ ላይ የሚቆይ። የትኛው «እውነተኛው» ነው ብዬ ስጠይቅ አንቲ «የማን ቤት?» አሉኝ።

እኔ አንቲ ዘንድ የተማርኩት ሁለት ሳምንት ነው፣ ያ ደግሞ ሰውን የሎሚሎሚ ባለሙያ አያደርገውም። ሃዋይ ውስጥ የማሳጅ ሥራ ፈቃድ ለማግኘት እንኳ 570 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ስለዚህ ሲያትል ስመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት «ጥንታዊ የሃዋይ ማሳጅ» የሚለው ከስሜ ሥር እንዲነሳ መጠየቅ ነው። አልተነሳም። ሦስት ወር ቆይቼ ለቀቅኩና ትንሽ ክፍል ተከራየሁ። ዝርዝሬ ላይ «ማሳጅ» ይላል፣ በቃ። ሰው ሲጠይቀኝ ከማን እንደተማርኩ እነግራለሁ። ገቢዬ ለአንድ ዓመት ያህል ቀንሷል፣ ይህን የምጽፈው እንደዚሁ ለማድረግ የሚያስብ ካለ አስቀድሞ እንዲያውቀው ነው።

ስህተትም ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ወር አንዲት ደንበኛ ሆዷን ስሠራ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ ደንግጬ ምን ሆንሽ፣ ልተው፣ ውሃ ላምጣ እያልኩ ወሬ አበዛሁባት። እንባዋን አስቆምኩት። አንቲ ሲሰሙ በስልክ ያዘኑት ለእሷ ነው። አሁን እንዲህ ሲሆን እጄን ባለበት አቆማለሁ፣ አልናገርም፣ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ።

ሌላም ልንገራችሁ፣ ይሄ ለእኛ ሰው በተለይ ነው። አንድ ሐበሻ ወንድም ከአዲስ አበባ ረጅም በረራ አድርጎ በመጣ በሳምንቱ «ባቴን እሺልኝ» ብሎ መጣ። አንድ እግሩ ብቻ አብጧል፣ ቀልቷል፣ ሲነካ ይሞቃል። አልነካሁትም። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ አልኩት፣ ቅር ብሎት ሄደ። ደም ረግቶ ነበር። ያ የረጋ ደም በእሽት ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ትኩሳት ያለበትን፣ የተሰበረ የሚመስለውን፣ ምክንያቱ ያልታወቀ እብጠት ያለበትን ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጥሩ ወጌሻም እንደዚህ ነው፣ «ይሄ የእኔ አይደለም» ማለት ያውቃል። አንቲም ደጋግመው ያሉን ይህንኑ ነው፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቁሙ ብለው ለማንም ሲናገሩ አልሰማሁም።

በመጪው የካቲት ተመልሼ እሄዳለሁ፣ አሁን ለአንድ ወር። ምን ይዤልዎት ልምጣ ብዬ ስጠይቃቸው ግቢያቸው ውስጥ ያለውን ቡና እኛ እንደምናፈላው ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ምጣዱ እዚያ አይጠፋም፣ ጀበናው ግን እንዳይሰበር በፎጣ ጠቅልዬ በእጄ ይዤው ነው የምሳፈረው።