ሳይክል ስነዳ ጉልበቴን የሚያመኝ ከዳሌዬ ነው

ከለገሃር ተነስታችሁ ቸርችልን እስከ ማዘጋጃ ቤት በሳይክል የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ሜዳ ላይ የማይሰማ ሕመም ሁሉ እዚያ ዳገት ላይ ይወጣል። እኔን የሚያመኝ ግራ ጉልበቴን ነው፤ ችግሩ ያለው ግን ዳሌዬ ላይ ነው። ጉልበታቸውን ቅባት እየቀቡና በፋሻ እያሰሩ የሚነዱ ሰዎች ስለማገኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔዳል ስትረግጡ ዳሌያችሁ መቀመጫው ላይ መርጋት አለበት። የዳሌ የጎን ጡንቻ ከደከመ ወይም አንዱ እግር ከሌላው ካጠረ ግን ዳሌ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ጭን ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጉልበት ደግሞ መሃል ላይ ስላለ የሁሉንም ጫና እሱ ይሸከማል። ፔዳሉ በደቂቃ 80 ጊዜ ከዞረ በሰዓት 4,800 ጊዜ ነው። ትንሿ መጣመም ያን ያህል ትደጋገማለች።

እኔ ጋ ምልክቱ መቀመጫው ላይ ነበር። በቀኝ በኩል ቆዳው ተልጦ ስፖንጁ ይታያል፤ ግራው ግን አዲስ ይመስላል። ወደ ቀኝ ስለማዘነብል ግራ እግሬ ፔዳሉ ጋ ለመድረስ ይንጠራራል። እናንተም የራሳችሁን እዩት። ጠበብ ያለ ልብስ ልበሱና ጓደኛ ከኋላ ሆኖ በስልክ ይቅረጻችሁ። የወገባችሁ መስመር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ዳሌያችሁ እየተወዛወዘ ነው።

መቀመጫው በጣም ከፍ ካለ ግን ማንም ይወዛወዛል፣ ስለዚህ እሱን አስቀድሙ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ዳሌ ሳይንጠራራ እግር ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ እንደ ወትሮው በእግራችሁ ፊት ስትረግጡ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ይታጠፋል። ጉልበት ከፊት ካመመ ብዙ ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ ካመመ ከፍ ብሏል። የድሮውን ቦታ በናስትሮ ምልክት አድርጉበትና ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ አንቀሳቅሱ።

የእግር ማጠር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አጥንቱ ራሱ ያጠረ ነው። ሌላው አጥንቱ እኩል ሆኖ ዳሌ ስለተጣመመ ያጠረ የሚመስል ነው። ይህንን ፊዚዮቴራፒስት ይለየው፤ ቤት ውስጥ በሜትር እየለካችሁ አትወስኑ። ለመጀመሪያው ከጫማው ሥር ትንሽ ማካካሻ ይደረጋል፣ ያውም ልዩነቱን በሙሉ ሳይሆን ከፊሉን። ለሁለተኛው ግን ማካካሻ መጨመር መጣመሙን ያጸናዋል ባይ ነኝ። የኔ ሁለተኛው ነው። መድኃኒቱም ስፖርት ነው፤ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ከመሬት ማንሳት፣ ጥርስ ሲቦርሹ በአንድ እግር መቆም። ያሰለቻል፣ ለውጡም ቶሎ አይታይም። ግን ሳቋርጠው ጉልበቴ ወዲያው ይነግረኛል።

ዳገት ላይ ማርሹን ቀድማችሁ አቅልሉ። ከባድ ማርሽ እየታገሉ መርገጥ የሚጎዳው ደካማውን ጎን ነው። ሕመም ሲጀምረኝ የምመርጠው ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ያለውን መንገድ ነው፣ ቀለል ይላል።

ጉልበት ካበጠ፣ እግር ከደነዘዘ፣ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ስፖርቱን ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ።