ጤፍ በስኒ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለው ቢሯችን የአሮጌውን ሰርቨር ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ወደ አዲስ ዲስክ መገልበጥ የእኔ ድርሻ ነበር። እንደ ልማዴ ተርሚናል ላይ የዲዲን (የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ነው) ትእዛዝ ያለ ብሎክ መጠን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ስንት ባይት እንደሚያነሣ ሳልነግረው፣ ጽፌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አስጀመርኩት፤ ጭንቀቴ መብራት እንዳይጠፋ ብቻ ነበር።

6 ሰዓት ላይ የደረሰበትን ስጠይቀው 421 ሚሊዮን ገደማ ብሎክ ማንበቡን ጻፈልኝ። በቁጥሩ ግዝፈት ደስ ብሎኝ ሳለ ለተግባር ልምምድ የመጣው ልጅ ከኋላዬ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ብሎክ ሳይዙን ስንት አደረጉት?» አለኝ።

«ራሱ ያውቃል» አልኩት።

«ራሱማ የሚያውቀው 512 ባይት ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ከወፍጮ ቤት በስኒ እያመላለሱ እኮ ነው።»

በአክብሮት የተነገረ ስድብ መልስ የለውም። ነገሩ እውነት ነበር፤ ዲዲ ለእያንዳንዱ ብሎክ ከርነሉን (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) አንድ ጊዜ አንብብልኝ፣ አንድ ጊዜ ጻፍልኝ ይለዋል። በ512 ባይት ይህ ለዚያ ዲስክ ወደ 977 ሚሊዮን ምልልስ ሲሆን በ1 ሜጋባይት ግን ወደ 477 ሺህ ይወርዳል። ልጁ በዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራልኝ፦ በሴኮንድ 20 ሜጋባይት እየሄደ ቀሪው 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ዲስኮቹ ግን 100 ስለሚችሉ አቁመን ከዜሮ ብንጀምር እንኳ በ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ሦስት ሰዓት ሙሉ የተጠበቀን ሥራ በገዛ እጅ ማፍረስ ስለከበደኝ «አይነካም» ብዬ ወደ ምሳ ሰደድኩት። በሩን ሲዘጋ ሥራውን የሚያቋርጠውን ኮንትሮል ሲ ተጫንኩ። በ1 ሜጋባይት እንደገና አስጀምሬ፣ ከምሳ ሲመለስ ስክሪኑን እንዳያይ ወንበሬን አዞርኩ፤ አየው፤ ምንም አላለም። ዝምታው ከጤፉ ይልቅ ከነከነኝ።

በኋላ ብቻዬን ስሞክረው በእኛ ማሽን ከ64 ኪሎባይት በላይ የሚገኘው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ማነቆው ዲስኩ ራሱ ይሆናልና። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም።

በማግስቱ አለቃችን በስብሰባ ላይ ልጁን አመሰገነ፤ እኔ ደግሞ «ከወጣቶች ተማሩ» የሚለው ምክር ደረሰኝ። በሳምንቱ ሴክተሮቹ (የዲስኩ ትንንሽ የማስቀመጫ ክፍሎች) የተበላሹበት ሌላ ዲስክ ሲመጣ ሥራው ለእርሱ ተሰጠ። ያንኑ 1 ሜጋባይት አድርጎ፣ ስህተት ሲገጥመው እንዲያልፍና ቦታውን በዜሮ እንዲሞላ አዘዘው። በዚህ አሠራር አንዲት 4096 ባይት የምትይዝ ሴክተር ሳትነበብ ብትቀር፣ አብረዋት በአንድ ብሎክ ያሉት ደኅናዎቹ 255 ሴክተሮች ጭምር በዜሮ ሊተኩ ይችላሉ። የተገለበጡት ፋይሎች አልከፈት ሲሉ ልጁ ወደ እኔ መጣ። ለተበላሹ ዲስኮች በተሠራው ፕሮግራም፣ በዲዲሬስኪው፣ እንደገና ጀመርነው፤ ይኸኛው ደኅናውን ክፍል በትልቅ ብሎክ ቶሎ ካነሣ በኋላ ወደ ተበላሸው ተመልሶ በትንሽ በትንሹ ይለቅማል። አብዛኛው ዳታ ዳነ።

«ለካ ስኒውም ያስፈልጋል፣ ጋሼ» አለኝ ልጁ፣ አንገቱን ደፍቶ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስለዚህ ዲስክ የተነሣ ነገር የለም። እኔም አላነሣሁም፤ እዚህ ጻፍኩት እንጂ።