የሐምሌውን የባህር ጉዞ ሐይቅ ዳር ስናቅድ

ለፋሲካ የአክስቴ ልጅ ከነባሏ ከአቴንስ ኮምቦልቻ መጣች። ሁለቱ ከደመወዛቸው ቆጥበው ያገለገለች ባለ ሸራ ጀልባ ገዝተዋል። ርዝመቷ 10 ሜትር ነው። በመጪው ክረምት እኔንና አክስቴን ይዘው የግሪክን ደሴቶች ሊያዞሩን አስበዋል። ወሬው በስልክ ከተጀመረ ቆይቷል። ግን አንድ ነገር ሳይታወቅ እቅድ ማውጣት አይቻልም ነበር፤ አክስቴ ውሃ ላይ ምን ትሆናለች? ዕድሜዋን ሙሉ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ስለዚህ ወደ ሐይቅ ሄደን እንሞክር ተባለ።

ከኮምቦልቻ በጠዋት ተነሳን። የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዝን ስንወጣ ብርዱ ከመስኮቱ ገባ። ደሴ ላይ ለቡና ብቻ ቆምንና ጉዞ ቀጠልን። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሚኒባሱ ቶሎ አደረሰን።

ሐይቁን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አልጠግበውም። ርዝመቱ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። ከበላዩ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የአንካርካ ወንዝ ውሃ ያመጣለታል፤ ከሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ዳር ቆሞ ለሚያየው ፀጥ ያለ ነው። ጀልባ የሚቀዝፉት አባት ግን ሌላ ነገር ነገሩን።

«ጠዋት ነው የሚኬደው ልጄ» አሉኝ። «ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። እናታችሁን ይዛችሁ ያን ጊዜ አትምጡ።»

የአክስቴ ልጅ ባል ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። ሸራ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። «እኛም ጋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ነፋስ ነው፤ ደሴት በኋላ ይመረጣል» አለኝ።

ለሁላችንም የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት ያለው ጀልባ ፈልገን ተሳፈርን። አክስቴ ነጠላዋን ከጃኬቱ ላይ አጣፋች። መጀመሪያ ሁለት እጇን ጠርዙ ላይ አድርጋ ወደ እግሯ ስር ብቻ ታይ ነበር። ልጇ «እትዬ፣ ቀና በይ፤ ሩቁን ተራራ እዪ» አለቻት። ባህር ላይ ለሚያቅለሸልሸው ሰው የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው፤ ንጹህ አየር ላይ መቀመጥና አድማሱን ማየት። ቀና አለች። ደብረ ነጎድጓድ እስጢፋኖስ ገዳም ፊት ለፊታችን ታየ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። ሴት አይገባበትም። አክስቴ ከጀልባው ላይ ሆና ተሳለመች። ከዚያ በኋላ እጇን ከጠርዙ አነሳች። እኔ በበኩሌ ጉዞው የተወሰነው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ሰው እየፈራ የሚሄድበት የባህር ጉዞ ለማንም ደስታ አይሰጥም።

ከጀልባው ወርደን የተጠበሰ ቆሮሶ አዘዝንና የባህር ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

መጀመሪያ ቀኑ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ከሐምሌ በፊት ከትምህርት ቤት መውጣት አልችልም። የእኛ ሐምሌ ዝናብ ነው፤ እዚያ ግን ደረቅና ሞቃት ነው። ችግሩ መልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ነው። በኤጂያን ባህር ላይ በፈረንጆቹ ሐምሌና ነሐሴ ይበረታል። እነሱ ነፋስን ቦፎርት በሚሉት የነፋስ ጉልበት መለኪያ ይለካሉ፤ መልቴሚ 5 እና 6 መሆኑ የተለመደ ነው፤ 7 እና ከዚያም በላይ የሚደርስበት ቀን አለ። አንዳንዴ ቀናት ሙሉ አያቆምም። ለለመደ ሰው ጥሩ ነው፤ ለአክስቴ አይሆንም።

ሰኔና መስከረም የተሻሉ ነበሩ። ግን የእኔ ሥራ አለ፤ የአክስቴም ጾም አለ። ጾመ ሐዋርያትን ሳትጨርስ አትነሳም፤ እሱ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ብቻ ቀረን። ደግነቱ በዚያ ጊዜ ወደቦቹም ትንሽ ይሻላሉ። ግሪኮቹ የእመቤታችንን በዓል በፈረንጆቹ ነሐሴ 15 ያከብራሉ፤ በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ ወደ ደሴት ስለሚጎርፍ ጀልባ ማሰሪያ ቦታ ይጠፋል። ከሐምሌ 12 በኋላ እንነሳ ተባባልን።

ቀኑን መቀየር ካልቻልን መንገዱን መቀየር ነበረብን። የአክስቴ ልጅ ሚኮኖስንና ናክሶስን ልታሳየን ጓጉታ ነበር። እነሱ ያሉት ግን መልቴሚው በሚበረታበት፣ ሲክላደስ በሚባሉት ደሴቶች መሃል ነው። ባሏ ጣቱን ከአቴንስ ደቡብ ምዕራብ ወዳለው ወደ ሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ ወሰደው። እዚያ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ይለዝባል፤ ደሴቶቹም ይቀራረባሉ። ትንሽ ቅር አላት፤ ግን እናቷን አየችና «ይሁን» አለች።

በአቴንስ ካለው የጀልባ ወደብ ከአሊሞስ ማሪና እስከ ኤጂና ደሴት 15 የባህር ማይል ገደማ ነው። አንዱ የባህር ማይል 1,852 ሜትር ስለሆነ መንገዱ ከደሴ እስከ ሐይቅ ያህል መሆኑ ነው። ጀልባዋ በሰዓት 5 የባህር ማይል ብትሄድ ሦስት ሰዓት ይፈጅባታል። ይህን ስሰማ ስለ ፍጥነት ያለኝ ሐሳብ ተቀየረ። በአንድ ቀን ሦስት ደሴት አይታይም። ከኤጂና ወደ ፖሮስ፣ ከፖሮስ ወደ ሃይድራ፤ ከዚያ እንመለሳለን። ሃይድራ መኪና የለም፤ ዕቃ የሚጫነው በበቅሎና በአህያ ነው። አክስቴ ይህን ስትሰማ «እንግዲያ አገሬ ነው» አለች።

ሐምሌ 19 ገብርኤል ስለሆነ በዚያ ቀን የብስ ላይ ልዋል አለች፤ ፖሮስ ወደብ ላይ እንድንውል ተያዘ። ሌሎች ቀኖችም ያለ ሥራ ተተዉ። ነፋስ ከ20 ኖት (በሰዓት 20 የባህር ማይል) በላይ ከሆነ ከወደብ አንወጣም፤ ይሄ ድርድር የለውም። አውሮፕላን መሳፈሪያችንም ከጀልባዋ መመለሻ ማግሥት እንዳይሆን ተስማማን። ነፋስ ያስቀረው ሰው አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነው ብሎ መውጣት የለበትም።

ምግብ ላይ ብዙ ተጫወትን። የአክስቴ ልጅ ባል ሙስሊም ነው፤ አክስቴ ረቡዕና አርብን ትጾማለች። ለወሎ ቤት ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጀልባ ላይ ግን ያለው አንዲት ጠባብ ምድጃ ነች። ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ ለሁሉም ይሆናሉ፤ ሳይበላሹም ይቆያሉ። ዓሣና አትክልት እዚያው ይገዛል። አክስቴ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ልታሲዝ ነበር፤ ግን የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሻንጣ የሚገባ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይከለክላል። አዘነች። በርበሬውን ግን እኔው ራሴ አዘጋጃለሁ ብላለች።

የጀልባዋ ጋን 200 ሊትር ውሃ ይይዛል። 10 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማለት ነው፤ ለአራት ሰው መጠጥ፣ ማብሰያና መታጠቢያ። ዕቃ መጀመሪያ በባህር ውሃ ይታጠባል፤ በንጹሁ የሚለቀለቀው መጨረሻ ላይ ነው። ውሃ በጄሪካን ቆጥቦ ላደገ ሰው ይህ አይከብድም።

የጀልባዋን ጉዳይ እነሱ ይጨርሳሉ፤ ኢንሹራንሱን፣ ከ7 ሜትር በላይ የሆነ ጀልባ የሚከፍለውን ቴፓይ የሚሉትን ክፍያ፣ ሬዲዮውን። ለአደጋ ጥሪ የሚከፈተው ቻናል 16 እንደሆነ ለሁላችንም አስጠኑን፤ ባልየው ቢታመም ሬዲዮውን የሚያነሳ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

የእኔና የአክስቴ ድርሻ ቪዛው ነው። ለሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፤ ከ15 ቀን ያነሰ ከቀረ ግን አይሆንም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል። የመጥሪያ ደብዳቤውንና የጀልባዋን ወረቀት ቅጂ እነሱ አቴንስ እንደገቡ ይልካሉ። እኔ ከትምህርት ቤቱ የሥራና የፈቃድ ደብዳቤ አወጣለሁ። ግንቦት እንደገባ አክስቴን ይዤ አዲስ አበባ እወርዳለሁ።